ቀይ የተቀባው ግራር

መኪናዋ ሐርጌሳ ውስጥ ከጋአን ሊባህ ሰፈር ወጥታ ወደ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ስትታጠፍ ደምመላሽ ጭኑ ላይ ያለውን የግንድ ቁራጭ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘ። ቁራጩ አንድ ክንድ ያህል ነው። ቅርፊቱ ላይ በቀይ ቀለም ሃያ ሰባት ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከቁጥሩ ሥር ወፍራም ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። የሰፈሩ የዛፍ ኮሚቴ «ማስረጃው ከነቆራጩ ይቅረብ» ብሎ ስላዘዘ ማስረጃውና ቆራጩ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሄዳሉ።

መሪዋ እንደ ከተማው መኪናዎች ሁሉ በቀኝ በኩል ነው። የያዘው ዛፉ የነበረበት ቦታ ባለቤት ጃማዕ ነው። ጅግጅጋ ሃያ ዓመት ሲነግድ የለመደው አማርኛ አሁንም አልዛገበትም። ከኋላ የደምመላሽ ሚስት ሸዋርካብሽ አፏን በሻሽዋ ከአቧራ ከልላ ተቀምጣለች። ቀን ቀን የጃማዕ እህት የሙልኪ ቤት ሠራተኛ ናት። ባልና ሚስቱ የሚያድሩትም በሙልኪ ጓሮ በምትገኝ አንዲት ክፍል ነው።

«እስቲ እንደገና እንስማህ» አለ ጃማዕ።

«በስህተት ቆረጥኩት።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

ደምመላሽ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። የእሾህ አጥር ላይ የተሰካ ሰማያዊ ፌስታል ነፋሱ ይነፋዋል። «አልነበሩም» አለ።

«ማሻአላህ።»

ጃማዕ ነበረ። ከመጀመሪያው የመጥረቢያ ምት እስከ መጨረሻው ነበረ። ሦስቱም ያውቁታል፤ ደምመላሽ ግን ቃሉን ሲደግመው ምንም አልተሰማውም። አራት ዓመት ሆነው፣ ብዙ ነገር አይሰማውም።

«ዓዴር ጃማዕ» አለች ሸዋርካብሽ። በሀገሩ ልማድ ትልቅ ወንድ አጎት ተብሎ ይጠራል፣ እሷም ለምዳዋለች። «ቅጣቱን እስቲ እንደገና ይንገሩን። ትናንት ሲነግሩን እኔ ልብስ አጥብ ነበር።»

«ምን አለው? ሠራተኛ ሳያውቅ ከቆረጠ አሥር ችግኝ ይተክላል፣ ሁለት ዓመት ያጠጣል። ውሃውን እኔ በቦቴ አመጣለታለሁ። ግንቤም ይቀጥላል።»

«ባለመሬቱ አውቆ ከሆነስ?»

«ያኔ ቦታው አሥር ዓመት ይታገዳል። አንድ ብሎኬት አይቀመጥበትም። አሥር ዓመት! እኔ አሁን ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው ወላሂ።»

«አላህ ዕድሜ ይስጥዎት።»

«አሚን። ግንቡ ከተነሳ ለባልሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ አለው። አንቺንስ ከሙልኪ ቤት ማን ያስወጣሻል?»

ሸዋርካብሽ ሻሽዋን አጠበቀች። ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቀው የሚያስወጣውን ሰው ሲያውቅ ነው።

የዛፎቹ ደንብ ከወጣ ሰባተኛ ወሩ ነበር። ሰፈሩ የራሱን ኮሚቴ መርጦ፣ ለከሰልና ለግንብ ሲባል ከተጨፈጨፈው የተረፈውን መቶ አርባ ግራር ቆጥሮ፣ በእያንዳንዱ ግንድ ላይ ቁጥር ጽፎ፣ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ማንም እንዳይነካው ደንግጎ ነበር። ደንቡ በሶማልኛ ተጽፎ በመስጊዱ አጥር ላይ ተለጥፏል። መልካም ደንብ ነው፣ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው፤ ሠራተኛ ያለው ሰው የሚያመልጥባት። የዓለም ደንቦች ሁሉ ይህችን ቀዳዳ የሚተዉት በስህተት ነው ብሎ የሚያምን ካለ፣ ጃማዕ አንዱ አልነበረም።

ከስምንት ቀን በፊት ደምመላሽን ከቀን ሠራተኞች መቆሚያ አንስቶ ወደ ራሱ ቦታ ሲያመጣው «ቁጥቋጦውን አጽዳልኝ» ነበር ያለው። ከቁጥቋጦው መሐል አንድ ትልቅ ግራር ቆሟል። ደምመላሽ ቁጥቋጦውን መንጥሮ ሲጨርስ ወደ ግንዱ ቀረበና ቀዩን ቁጥር አየው። ከሥሩ ያለውንም መስመር አየው። መጥረቢያውን መሬት ላይ አሳርፎ ለትንሽ ጊዜ ቆመ።

ከአዲስ አበባ ዳርቻ በገዛ እጁ በሠራት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ግድግዳ ላይ እንዲሁ ያለ ቁጥር፣ እንዲሁ ያለ መስመር ተጽፎ አይቷል። ጠዋት ተነስቶ ነው ያገኘው፣ ማን እንደጻፈው አላየም። በሦስተኛው ወር ዶዘር መጣ። ጎረቤቶቹ ሲጮኹ፣ ሸዋርካብሽ መሬት ላይ ስትንከባለል፣ እሱ የቤቱን በር ከማጠፊያው ነቅሎ ተሸክሞ ቆመ። በሩን የት እንደሚያደርሰው አያውቅም፤ ብቻ ይዞት ቆመ። ከዚያ ወዲህ ቀይ የተቀባ ነገር ሲያይ ነገሩ እንዳለቀ ያውቃል። ማንን ይከራከራል?

«ይሄ የተቀባውስ?» ብሎ ጠየቀ።

ጃማዕ ዛፉን አየ፣ ደምመላሽን አየ። «አንተ ምን ይመስልሃል?»

«ይህማ ተፈርዶበታል።»

ጃማዕ አዎ አላለም። አይደለም አላለም። ወደ መኪናው ተመልሶ ገባና በሩን ዘጋ። ደምመላሽም እጁ ላይ እንትፍ ብሎ መጥረቢያውን አነሳ።

---

በሰፈሩ ልማድ የዛፍ ጉዳይ የሚታየው እዛፉ ሥር ነው። ዓቂል ዓብዲወሊ ይህን ልማድ ዛፉ ስለተቆረጠ አልተውም አሉ። ዓቂል ማለት የጎሳው ተጠሪ ሽማግሌ ነው። እኒህኛው ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ብትራቸውን ከጉልበታቸው የማይለዩ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይነሳ ሰው ናቸው። ስለዚህ የፕላስቲክ ወንበሮቹ በጉቶው ዙሪያ፣ ጥላው በነበረበት ቦታ፣ ፀሐይ ላይ ተደረደሩ። ከኮሚቴው አንዱ ሽማግሌ ጃንጥላ ሲዘረጉ ዓቂሉ በብትራቸው ጫፍ ጠቆሟቸው።

«እጠፈው» አሉ። «ጥላ የለም። እንዴት እንደሌለ ነው ልንሰማ የመጣነው።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ አጠፉት።

ከወንበሮቹ ጀርባ ፊልሳን ቆማለች። ከዐስር ሰላት፣ ከቀትር በኋላው ጸሎት፣ ወዲያ እዚህ ግራር ሥር ሻይ ትሸጥ ነበር፣ አሥራ አንድ ዓመት። ዛፉ የተቆረጠ ቀን ፌርሙሶቿን ተሸክማ ስትመጣ ያገኘችው የተጋደመ ግንድ ነበር። ደምመላሽ ቁራጩን ታቅፎ ከመኪናው ሲወርድ በሶማልኛ ጮኸች፤ የኮሚቴዋ ጸሐፊ ዳሀቦ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተረጎመችለት።

«‹ልጁን አቅፎ ለክትባት የመጣ ይመስላል› ነው የምትልህ፣ ጋሽ ደምመላሽ።»

ዳሀቦ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች፣ ኮሌጅም እዚያው የተማረች፣ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። መዝገቡን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ሌሎቹ በሶማልኛ የሚሉትን ለደምመላሽ፣ እሱ በአማርኛ የሚለውን ለነሱ ታመላልሳለች።

«በምን ይምላል?» ብለው ጠየቁ ዓቂሉ።

ደምመላሽ ከሸሚዙ ሥር ጥቁሩን ክር አወጣ። «በማዕተቤ።»

ዳሀቦ ምን እንደሆነ ነገረቻቸው። ዓቂሉ ክሩን አተኩረው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያከብረዋል?»

«ሲተኛም አያወልቀውም» አለች ሸዋርካብሽ በሰባራ ሶማልኛዋ፤ ወንበሮቹ መሐል ትንሽ ሳቅ ዞረ።

ዓቂሉ ቁራጩን ተቀብለው በቀዩ ቀለም ላይ ጣታቸውን አሳለፉ። «ይህን አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«አይተህ ቆረጥከው?»

«ስላየሁት ነው የቆረጥኩት።»

ዳሀቦ ለመተርጎም አፏን ከፍታ ነበር፤ ሳትጀምር ወደሱ ዞረች። «ምን ማለትህ ነው?»

«እኛ ጋ ቤት ላይ እንዲህ ይጻፋል። ቁጥር፣ ከሥሩ መስመር፣ በቀይ። ከዚያ ይፈርሳል። የኔም የፈረሰው እንዲህ ተጽፎበት ነው። ዛፉም ይቆረጥ የተባለ መሰለኝ።»

ድምፁ ስለ ሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚያወራ ነበር። ዳሀቦም በሶማልኛ ቀስ ብላ ተረጎመች፤ ስትጨርስ ከራሷ ጨመረች፣ ያን ደግሞ በአማርኛ ደገመችለት። «የቀባሁት እኔ ነኝ። መቶ አርባውንም በነዚህ እጆቼ። ከሩቅ እንዲታይ ብዬ ነው ቀይ የመረጥኩት። ወይኔ ዳሀቦ!»

  ዓቂሉ ቁራጩን ጉቶው ላይ አስቀመጡት።

«እኔ ከስደት ስመለስ» አሉ፣ «ከተማው ሁሉ ድንጋይ ነበር። የጦርነቱ ቦምብ ግድግዳ የሚባል አላስተረፈም። ቤቴ የት እንደነበረ ጠፋኝ። ሦስት ቀን ፈለግኩ። ያወቅኩት በዚህ ዛፍ ነው። ከዚህ አርባ እርምጃ ቆጥሬ ሄጄ ስቆፍር የእናቴን ወፍጮ አገኘሁ።» ዳሀቦ ስትተረጉም ደምመላሽን እያዩ ቆዩ። «አንተን ለማሳዘን አይደለም። ምን እንደቆረጥክ ልታውቅ ይገባል ብዬ ነው።»

«አውቄአለሁ» አለ ደምመላሽ። ማወቁን አወቀ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ከውስጡ አልመጣም።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

«ጃማዕ የት ነበር?»

«አልነበሩም።»

ጃማዕ አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ ሰው እንዳይቀጣ እንደሚለምን ሰው ፊቱን አሳዝኖ፣ «ምስኪን ነው» አለ። «አትጨክኑበት። የችግኙን ውሃ እኔ እችላለሁ።»

ሽማግሌዎቹ መነሳት ጀመሩ፤ ፀሐዩ አናታቸውን ቀቅሎታል። ባለ ጃንጥላው ከሁሉም ቀድመው ቆመዋል። ዓቂሉ ግን አልተነሱም። ጉቶውን በዓይናቸው ይዞሩት ነበር።

«ወዴት ወደቀ?»

«ወደ መንገዱ። በዚህ በኩል ነው የከፈትኩት።» ደምመላሽ የጉቶውን ቁስል አሳያቸው፤ የሙያ ጥያቄ ስለሆነ ቀለል አለው።

«መንገዱ በኩል ነው ጥላው የነበረው።»

«አዎ።»

«ይህ ጥላ ከረፋድ በኋላ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሁልጊዜ አንድ መኪና ይቆምበታል። ያን ቀን መኪና አልነበረም?»

ደምመላሽ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩን አስቦት አያውቅም ነበር። አሁን ግን መጣለት፣ ልክ አሁን የሚደረግ ያህል። ግንዱ ከግማሽ በላይ ተበልቶ መንቋቋት ሲጀምር የሞተር ድምፅ ሰማ። መኪናዋ ከዛፉ ሥር ቀስ ብላ ወደኋላ ወጣች፣ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ሄዳ ፀሐይ ላይ ቆመች። ከዚያ አቧራ እንዳይገባ መስታወቷ ተዘጋ። ዛፉም ወደቀ።

ሰውየው አላዘዘውም። መኪናውን ብቻ ነው ያዳነው።

ደምመላሽ ሸዋርካብሽን አያት። ማዕተቡን በጣቱ ይዞ ነበር የሚያያት። የሙልኪን ጓሮ፣ በጓሮው ያለችውን ክፍል፣ በክፍሏ ያለውን ፍራሽ አሰበ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ። አሥር ችግኝ። ቀላል ነው፣ ሁሉ ነገር ቀላል ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረው።

«ምን ታየኛለህ?» አለችው። «አንተ እንደሆንክ መኪና መንዳት አትችል፤ አንተ አላነሳሃትም።»

ጃማዕ እንደ እሳት ዞረባት። «አንቺ ሴትዮ!»

«እኔ ምን አልኩ ዓዴር? ባሌ መንጃ ፈቃድ የለውም ነው ያልኩት።»

ዳሀቦ ሁሉንም ቃል በቃል ተረጎመች። ዓቂሉ በትዕግሥት ጠበቁ። ደምመላሽ ክሩን ወደ ሸሚዙ ሥር መለሰው።

«መኪና ነበረ» አለ። «የዓዴር ጃማዕ። ስጀምር ከዛፉ ሥር ነበረች። ሊወድቅ ሲል ወጣችና እዚያ ጋ ቆመች። እሳቸው ውስጥ ነበሩ። አላዘዙኝም፣ እውነት ነው። አልከለከሉኝም። ቅድም አልነበሩም ያልኩት ውሸት ነው።»

«ወላሂ» አለ ጃማዕ በሶማልኛ፣ ከወንበሩ ተነስቶ፣ «መኪናዬን እንዲሁ ነው ያንቀሳቀስኳት! መኪና ማንቀሳቀስ ወንጀል ሆነ?»

ፊልሳን ከኋላ በሳቅ ፈነዳች። ዳሀቦም ከሳቋ መሐል ተረጎመች፤ «‹ሐርጌሳ ውስጥ በቀትር መኪናውን ከጥላ አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያቆም ሰው አሳዩኝ፣ እስክሞት ድረስ ሻይ በነፃ እቀዳለታለሁ!›»

ወንበሮቹ በሳቅ ተናወጡ። ለመሄድ የቆሙት ሽማግሌ ተመልሰው ተቀመጡ። ጃማዕ ብቻውን ቆሞ ቀረ። እጁን ወደ ኪሱ አስገብቶ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ፣ መልሶ ትቶ፣ እንደገና ያዘ። ከዚያ ወዲያ የተናገረውን ማንም አልመዘገበም።

ፍርዱ ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ቦታው ለአሥር ዓመት ይታገዳል። ጉቶው በእሾህ ይታጠራል፤ ግራር ከጉቶው ያቆጠቁጣልና። ዓቂሉ ደምመላሽን አልለቀቁትም። «የቆረጠው እጅ የሱ ነው» አሉ። «ደግሞም ምሎ ዋሽቷል። ችግኞቹን ይተክላል።»

ዳሀቦ መዝገቡን ዘጋች። «ነገ ቁጥሮቹን ሁሉ አረንጓዴ አደርጋቸዋለሁ» አለች። «አረንጓዴ ማንንም አያሳስትም።»

«አረንጓዴ ቢሆን ምን ይለወጣል?»

ዳሀቦ የተናገረው ደምመላሽ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። እሱም ራሱ ደንግጧል። ጉንጩ ላይ ሙቀት ተሰምቶታል፣ ከፀሐዩ የተለየ።

«ቀለም ነው የመጣብን» አለ። «እዚያም ቀለም፣ እዚህም ቀለም። ደንባችሁ ጥሩ ነው፤ ያስለጠፋችሁት መስጊድ አጥር ላይ ነው፣ በማላነበው ቋንቋ። በዚህ ከተማ መጥረቢያ የሚይዘው ማን ነው? እኛ ነን። ወደ እኛ የመጣ ሰው ነበር? አንድ ሰው መጥቶ ‹ይህ ዛፍ አይነካም› ቢለኝ ዛሬ ቆሞ ነበር። ቤቴም ላይ ሲጽፉ አንድ ሰው በሩን ቢያንኳኳ ኖሮ ቢያንስ እሰድበው ነበር!»

የመጨረሻዋን ቃል ጮኾ ነው ያላት። ሸዋርካብሽ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከአራት ዓመት ወዲህ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም።

ዳሀቦ ስትተረጉም ድምፁን ሳትቀንስ ተረጎመች። ዓቂሉ ብትራቸውን መሬት ላይ ተክለው ተነሱ።

«ሰደበን» አሉ። «ተገቢ ነው። እንግዲህ ሰው እንላካ። ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹ ወደሚቆሙበት እሱ ራሱ ይሂድ፣ ዳሀቦም አብራው ትሂድ። ያደረገውን በራሱ ቋንቋ ይንገራቸው። ይህም ከቅጣቱ ነው።»

ጃማዕ መኪናውን አስነስቶ ብቻውን ሄደ። ደምመላሽና ሸዋርካብሽ እስከ ጋአን ሊባህ በእግራቸው ተመለሱ። ሙልኪ ደግ ሴት ነበረች፣ ፍራሻቸውን አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልላ ነበር ወደ ደጅ ያወጣችው።

---

በማግሥቱ ጠዋት የሠራተኞች መቆሚያው ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ደገኞች፣ አካፋቸውንና መጥረቢያቸውን እግራቸው ሥር ያኖሩ። ደምመላሽ ሌሊቱን ከሸዋርካብሽ ጋር በአንድ የሀገሩ ሰው በረንዳ ላይ ነበር ያደረው። ዳሀቦ ከጎኑ ቆማለች። ተናገረ። ቀይ ቀለም፣ ቁጥር፣ መስመር፣ ምን ማለት እንደሆነና እሱ ምን መስሎት እንደቆረጠው። አጭር ነበር። ሲጨርስ ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ እጆቹን አጣመረ።

ሶሊ የሚሉት ጎረምሳ ቀደመ። «ደሜ፣ ቀጣሪህን አሳስረህ መጥተህ ልታስተምረን ነው? እኛ ምን አገባን? ዛፍ ነው። እንጀራ ነው የምንፈልገው።»

«አልታሰረም» አለ ደምመላሽ።

«ፍራሽህ ግን ወጥቷል አሉ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ደምመላሽም ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

አንድ ፒክ አፕ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ሁለት ጣት አሳየ፤ «መጥረቢያ ያላችሁ!» አለ። ሁሉም ተንጋጋ። ሶሊ ከሁሉም ቀድሞ አንድ እግሩን የኋላው ጎማ ላይ ሰቀለ። መጥረቢያውን ወደ መኪናው የጭነት ቦታ ወረወረ። ከዚያ፣ ገና እንደተንጠለጠለ፣ ወደ ሾፌሩ ዞረ።

«ዛፍ ነው?»

«ዛፍ ነው። ውጣ።»

«ቁጥር አለው?»

ሾፌሩ ዳሀቦን አየ፣ መዝገቧን አየ።  ሶሊ እንደተንጠለጠለ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ መጥረቢያውን መልሶ አነሳና ወረደ። «በል ሂድ» አለው ሾፌሩን፣ እየተሳደበ። ማንን እንደሚሳደብ ግልጽ አልነበረም።

ሾፌሩ ሌላ ሰው ጠራ። እሱም እዚያው ቆሞ «ቁጥር አለው?» ብሎ ጠየቀው።

ፒክ አፑ ባዶውን ሄደ። ከሱ በኋላ ሌሎች መኪናዎች መጡ፤ ለአሸዋ፣ ለብሎኬት፣ ለጉድጓድ። ሶሊም ሄደ፣ ሌሎቹም አንድ በአንድ ሄዱ። ደምመላሽን የጠራው አልነበረም፤ ጃማዕ በከተማው ብዙ ወዳጅ ነበረው። እስከ ዙህር አዛን፣ እስከ ቀትሩ የጸሎት ጥሪ፣ ድረስ መጥረቢያውን እግሩ ሥር አኑሮ ቆመ።